የቤተ ክርስቲያን ደን ጥበቃ ዕቅድ በዝርያዎች ሥራ ላይ እንዴት ይመሠረታል

በደቡብ ጎንደር ካሉት የቤተ ክርስቲያን ደኖች ብዙዎቹ ከጥቂት ሄክታር አይበልጡም። እንዲህ ላለ ጠባብ ደን ዕቅድ ሲወጣ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው «ይህ ዝርያ ቢጠፋ የትኛው ሥራ ይቋረጣል?» የሚለው ነው።

ዛፎቹን ካህናቱና የአካባቢው ሽማግሌዎች በስም ያውቋቸዋል፤ ከእነሱ ጋር ይዘርዝሩ። ከእያንዳንዱ ዛፍ፣ ወፍና አውሬ ጎን ሥራውን ይጻፉ፦ ፍሬ ሰጪ፣ ዘር አሰራጭ፣ አበባ አዳቃይ፣ ለችግኝ ጥላ።

የሚከብደው ዘር አሰራጩን መለየት ነው። የአብዛኞቹ የደጋ ዛፎች ዘር አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ አይቆይም። ስለዚህ እናት ዛፍና ዘር አሰራጭ በሌሉበት ቦታው ቢታጠርም ደኑ በራሱ አይመለስም። ፍሬ በሚበስልበት ሰሞን ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ከዛፉ ራቅ ብለው ለሦስት ሰዓት ያህል ይመልከቱ። ፍሬ የበላ ሁሉ ዘር አሰራጭ አይባልም። ጉሬዛ በአብዛኛው ቅጠል በል ነው፤ ዘር ሲያገኝም አድቅቆ ይበላል። ዝንጀሮ ግን ብዙውን ዘር ውጦ ሌላ ቦታ ይጥለዋል። ሥጋውን ነጭቶ ዘሩን እዚያው ዛፍ ሥር የሚጥል ወፍም ከአሰራጮች አይቆጠርም። ጥርኝ የሚንቀሳቀሰው በሌሊት ስለሆነ ቀን የሚመለከት ሰው ያልፈዋል። ኩሱን አንድ ቦታ የመከመር ልማድ ስላለው ቦታውን ፈልገው፣ ጓንት አጥልቀው፣ ኩሱን በወንፊት ይጠቡና የሚቀሩትን ዘሮች ከደኑ ፍሬዎች ጋር ያመሳክሩ።

ቀጥሎ እያንዳንዱን ሥራ ስንት ዝርያ እንደሚሠራው ይቁጠሩ። አንድ ዝርያ ብቻ የሚሠራው ሥራ ቅድሚያ ያገኛል። ሾላ ሌሎች ዛፎች ፍሬ በማይሰጡበት ወቅትም ስለሚያፈራ ብዙ ፍሬ በሎችን ያኖራል። አበባውን የምታዳቅለው ግን ፍሬው ውስጥ የምታድግ ትንሽ ተርብ ናት፤ ከወጣች በኋላ ዕድሜዋ እጅግ አጭር ስለሆነ አበባው የደረሰ ሌላ ሾላ ቶሎ ማግኘት አለባት። ስለዚህ በግቢው ያለ አንድ ሾላ አይበቃም። በእርሻ መሃልና በወንዝ ዳር የቆሙትም ከዕቅዱ መግባት አለባቸው፤ ባለመሬቶቹን ያነጋግሩ።

ከብት እንዳይገባ የድንጋይ ካብ ይሥሩ። ብዙዎች ከመትከላቸው በፊት ቁጥቋጦ ይመነጥራሉ፤ ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። የወይራ ችግኝ ደደሆ በሚባለው ቁጥቋጦ ጥላ ሥር ከገላጣ ቦታ በተሻለ ይጸድቃል። ባሕር ዛፍ ለማገዶ ይጠቅማል፤ ለፍሬ በል ወፎች ግን ምግብ ስለማይሰጥ ከደኑ ጠርዝ ይራቅ።

ውጤቱን ለማየት 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆኑ መደቦችን በካቡ ውስጥና ውጭ ምልክት ያድርጉ። ክረምት ላይ የሚበቅለው አብዛኛው በበጋ ስለሚደርቅ፣ ችግኝ የሚቆጠረው በበጋው መጨረሻ ነው።