የኮማንደርስን የ2024 ዓመት ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ዲሲና አካባቢው ያለ ሐበሻ ካፌ ውስጥ ቅዳሜና እሁድ የሚነሳው ጭቅጭቅ አብዛኛውን ጊዜ የአርሰናልና የማንቼ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ግን ዋሽንግተን ኮማንደርስ ለአሜሪካን ፉትቦል ግድ ያልነበረውንም ሰው ወሬው ውስጥ አስገባ። በ2023 4 አሸንፎ 13 የተሸነፈ ቡድን በዓመቱ 12 አሸነፈ፣ 5 ብቻ ተሸነፈ። ፕሌይኦፍ (ጥሎ ማለፍ) ገብቶ ሁለት ድል ጨመረና ከዋንጫው ጨዋታ፣ ከሱፐር ቦውል፣ አንድ ጨዋታ ብቻ ቀረው። ከ1991 የውድድር ዓመት ወዲህ እዚያ ደርሶ አያውቅም። ደስ ይላል። ግን ስለዚህ ዓመት ሲወራ ተደጋግመው የሚሰሙ ስህተቶች አሉ።

የመጀመሪያው ከእኛ እግር ኳስ የመጣ ነው፦ «ሀብታም ገዛው፣ ገንዘብ አፈሰሰ፣ አሸነፈ»። እውነት ነው፣ በ2023 ጆሽ ሃሪስና አጋሮቹ ክለቡን በ6.05 ቢሊዮን ዶላር ገዙት። ነገር ግን ኤንኤፍኤል (የአሜሪካን ፉትቦል ሊግ) ውስጥ ባለቤቱ እንደ ቼልሲ ኪሱን ከፍቶ ኮከብ መሰብሰብ አይችልም። የደመወዝ ጣሪያ አለ፤ በ2024 ለእያንዳንዱ ቡድን 255.4 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ኮማንደርስን የጠቀመው እንዲያውም መሸነፉ ነው። ያ ሁሉ ሽንፈት በድራፍቱ፣ ደካማ ቡድኖች አዲስ ተጫዋች ቀድመው በሚመርጡበት፣ ሁለተኛውን ምርጫ ሰጠው፤ በዚያም ኳርተርባኩን (ኳስ አቀባይና የማጥቃቱ መሪ) ጄይደን ዳንኤልስን ከኤልኤስዩ ዩኒቨርሲቲ ወሰደ። የአዲስ ተመራጭ ደመወዝ ደግሞ በስንተኛነት እንደተመረጠ የሚወሰን ነው። የዳንኤልስ የአራት ዓመት ውል በጠቅላላው ወደ 38 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። በዚያው ዓመት የዳላሱ ዳክ ፕሬስኮት በዓመት 60 ሚሊዮን ተፈራረመ! በልዩነቱ ቦቢ ዋግነርን፣ ፍራንኪ ሉቩን፣ ዛክ ኤርትዝን የመሳሰሉ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ይመጣሉ። አዲሱ ባለቤት የረዳው ቼክ በመጻፍ ብቻ ሳይሆን ትክክለኛ ሰዎች በመቅጠር ነው፦ አዳም ፒተርስን ጄኔራል ማናጀር፣ ዳን ክዊንን አሰልጣኝ አድርጎ።

«ሁሉም የዳንኤልስ ሥራ ነው» የሚለውም እንዲሁ ልክ አይደለም። ልጁ ድንቅ ነው፤ 25 የታችዳውን (የስድስት ነጥብ ጎል) ኳስ አቀበለ፣ 891 ያርድ በእግሩ ሮጠ፣ የዓመቱ ምርጥ አዲስ የማጥቃት ተጫዋች ተባለ። ነገር ግን 13 ታችዳውን የያዘው ቴሪ ማክሎሪን ነው። ከፕሌይኦፍ በፊት ባለው የመደበኛው ዘመን የመጨረሻ ጨዋታ ላይ፣ ዳላስ ላይ፣ ዳንኤልስ ሁለተኛውን አጋማሽ ተቀምጦ ነው ያየው። 3 ሰከንድ ሲቀር ማሸነፊያውን የወረወረው ተጠባባቂው ማርከስ ማሪዮታ ነው።

ትልቁ ስህተት ግን በመጨረሻ ሰከንድ የመጣ ድልን በሙሉ እንደ ጥንካሬ መቁጠር ነው። የኦክቶበር 27ቱን የቺካጎ ቤርስ ጨዋታ አስታውሱ። ኮማንደርስ 15 ለ 12 እየተመራ ሰዓቱ ሊያልቅ ነው። ዳንኤልስ ኳሷን በሙሉ ኃይሉ ወደ ሰማይ ላካት። አንዱ የቤርስ ተከላካይ ይህ የመጨረሻ ሙከራ ሲጀመር ፊቱን ወደ ደጋፊው አዙሮ ይቀልድ ነበር፤ ሮጦ መጣ፣ ኳሷን ነካት፣ እሷም ብቻውን የቆመው ኖዋ ብራውን እጅ ገባች። 18 ለ 15። ያንን ስታዲየም ውስጥ ያየ ሰው እስከ ሽበት ያወራዋል። ግን ይህ በልምምድ የሚደገም ነገር አይደለም።

ሌላም አለ። ኒው ኦርሊንስ በመጨረሻ ከታችዳውን በኋላ ያደረገውን የሁለት ነጥብ ሙከራ ስለሳተ 20 ለ 19 አሸነፉ። ፊላደልፊያ ኢግልስን 36 ለ 33 ረቱ፤ የኢግልስ ኳርተርባክ ጄለን ኸርትስ ግን ገና በመጀመሪያው ሩብ ተጎድቶ ወጥቶ ነበር። ታምፓ ላይ የመጨረሻዋ ምት ቋሚውን መትታ ገባች፣ 23 ለ 20። በአራተኛ ሙከራ ደግሞ፣ ማለትም የሚፈለገውን ያርድ ካልሞሉ ኳሷን ለተጋጣሚ በሚሰጡበት፣ በመደበኛው ዘመን ከ23ቱ 20 ጊዜ ተሳካላቸው። ድፍረቱ የራሳቸው ነው፤ ቁጥሩ ግን በየዓመቱ የሚገኝ አይደለም። ዲትሮይት ላየንስን 45 ለ 31 ሲያሰናብቱም ላየንስ አምስት ጊዜ ኳስ አስረክቦ ነበር።

ከዚያ ወደ ሱፐር ቦውል በሚያሳልፈው ጨዋታ በፊላደልፊያ 55 ለ 23 ተሸነፉ። ይህንን አይቶ «ድሮም ፌክ ነበር» ማለት ሌላው ስህተት ነው። በዚያ ቀን አራት ጊዜ ኳስ ያስረከቡት እነሱ ነበሩ፤ ተጋጣሚያቸውም ከሁለት ሳምንት በኋላ ሱፐር ቦውሉን የወሰደው ቡድን ነው።

የመጨረሻው፣ «ከርሞ ዋንጫው የእኛ ነው» ማለት ነበር። ክለቡ ራሱም ያመነበት ይመስላል፤ ዲቦ ሳሙኤልንና ላርሚ ተንሲልን በግብይት አምጥቷል። በ2025 ዳንኤልስ ጉልበቱን፣ የጭኑን ጡንቻ፣ ከዚያም ክርኑን ተጎድቶ ከ17 ጨዋታ የተሰለፈው 7 ብቻ ነው። ቡድኑ 5 አሸንፎ 12 ተሸነፈ። ጉዳት ዕድል ነው እንበል። ነገር ግን ዕድሜያቸው የገፋ ተጫዋቾች የበዙበት ቡድን ላይ ጉዳት መብዛቱ ብዙ አያስገርምም። የልጁ ርካሽ ውል እስከ 2027 ይቆያል። ፒተርስ አዛውንቶቹን በወጣት የሚተካበት ጊዜ ያለው እስከዚያ ነው።