በሐዋሳ የዜና ፎቶ እንዴት ይነሳል? ከሐይቁ ዳር እስከ መድረኩና ስብሰባው

የዜና ፎቶ ማንሳት ለሚጀምር ሰው ሐዋሳ ምቹ መማሪያ ናት፤ ዓሣ የሚሸጥበት የሐይቅ ዳር፣ ቴአትር የሚታይበት መድረክና የክልሉ ስብሰባዎች የሚካሄዱባቸው አዳራሾች በአንድ ቀን ውስጥ ሊደረስባቸው ይችላል።

ልምምዱ ከዕለት ተዕለት ሕይወት ቢጀምር ይመረጣል፤ ተዋናይና ባለሥልጣን ካሜራ ለምደዋል፣ ዓሣ አጥማጅ ግን ካሜራ ሲያይ ሥራውን አቁሞ ስለሚመለከት ትዕግሥትን ያስተምራል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ የሐይቅ ዳሩ የዓሣ ገበያ ወደሚገኝበት አሞራ ገደል ይድረሱ። ከተማዋ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለምትገኝ፣ ጀርባውን ለከተማዋ ሰጥቶ የቆመ ሰው የጠዋት ፀሐይ ከኋላው እየመጣች ከጀልባ የሚወርዱትን ሰዎች ፊት ታበራለታለች፤ አመሻሽ ላይ ግን ፀሐይዋ በሐይቁ ማዶ ስለምትጠልቅ የሚገኘው ጥቁር ጥላ ብቻ ነው። አስቀድመው ሰላምታ ይስጡ፣ ፎቶው የት እንደሚወጣ ይንገሩ፣ ፈቃድ ካገኙ በኋላም ሰዎቹ ወደ ሥራቸው እስኪመለሱ ይቆዩ። ቢላዋው ቆሮሶ በተባለው ዓሣ ሆድ ላይ ሲያርፍ፣ ከኋላ አባ ኮዳ የተባለው ትልቅ ወፍ አንገቱን አስግጎ ፍርፋሪውን ሲጠብቅ፣ ሁለቱ በአንድ ፍሬም ውስጥ የሚገቡበት ቦታ ተፈልጎ ይቆማል። የውኃው ነጸብራቅ ካሜራውን እያታለለ የሰውን ፊት ስለሚያጠቁር፣ ብርሃኑን ከፊት ላይ መለካት ወይም ኤክስፖዠሩን (ምስሉ የሚያገኘውን የብርሃን መጠን) አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

ቴአትር ለማንሳት ከአዘጋጁ ፈቃድ ተጠይቆ በመጨረሻው ልምምድ ላይ መገኘት ከሁሉ ይሻላል፤ ተመልካች አይረበሽም፣ የትኛው ትዕይንት መቼ እንደሚመጣም አስቀድሞ ይታወቃል። ፍላሽ ፈጽሞ አይበራም፤ ተዋናዩን ያውካል፣ የመብራት ባለሙያው የደከመበትንም ጥላና ቀለም ያጠፋል። በምትኩ አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ትብነት) ከ1600 እስከ 3200፣ ብርሃን የሚያስገባው የሌንሱ ቀዳዳ ከተቻለ እስከ ኤፍ 2.8 ተከፍቶ፣ የሹተሩ (ብርሃን ከፍቶ የሚዘጋው ክፍል) ፍጥነት ደግሞ 1/200 ሰከንድ አካባቢ ይደረጋል። ተዋናዩ ንግግሩን ጨርሶ ዝም የሚልባትን ቅጽበት ይጠብቁ፤ ስሜቱ ገና ከፊቱ አልጠፋም፣ ሰውነቱም ስለሚረጋ ምስሉ አይደበዝዝም።

በፖለቲካ ስብሰባ ላይ ከመድረኩ ትይዩ መቆም ብዙ ጊዜ ማይክሮፎኑ የተናጋሪውን አፍ እንዲሸፍነው ያደርጋል፤ ስለዚህ በጎን በኩል ይቁሙ፣ ሩቁን የሚያቀርብ ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር የሆነ ሌንስም ካለ ይጠቀሙ። ጠረጴዛው ላይ ያለው የውኃ ጠርሙስ ቢያስቸግር የሚነሳው ጠርሙሱ ሳይሆን ፎቶ አንሺው ከቆመበት ነው። የባለሥልጣን ዐይን የተጨፈነበትን ወይም አፉ የተዛባበትን ፎቶ መርጦ ማውጣት ሰውየውን ማሳጣት ስለሆነ ከዜና ሥራ ጋር አይሄድም። አጀንዳው የነዋሪውን ኑሮ የሚነካ ከሆነ፣ ወረቀት ይዞ ጥያቄ ለማቅረብ የተነሳው ሰው ከመድረኩ ይልቅ ጉዳዩን ያስረዳል። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲዳማ ክልል ይሁን አይሁን የሚለው ሕዝበ ውሳኔ ሲካሄድ እንደታየው ዓይነት የመራጮች ሰልፍ ሲያጋጥም፣ የምርጫ ጣቢያው ኃላፊ ተጠይቆ ይገባል፤ የመራጩ ምልክት ያረፈበት የድምፅ መስጫ ወረቀት ግን በምንም ምክንያት በፎቶ አይያዝም።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው የፎቶ መግለጫው ነው፤ ብዙ ጀማሪ የሚሰንፈው እዚህ ላይ ሲሆን፣ ጥሩ ፎቶ በተሳሳተ ስም ምክንያት ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼና ለምን የሚሉት መልሶች ከስፍራው ሳይለቁ ይጻፉ፤ የሲዳምኛ ስም ሲያጋጥም ባለቤቱ ራሱ በማስታወሻ ደብተርዎ ላይ እንዲጽፈው ይጠይቁ። ቀጥሎ ፎቶው ሲስተካከል ጠርዙን መቁረጥ፣ ብርሃኑንና ቀለሙን ማረም ይፈቀዳል፤ ከምስሉ ውስጥ ነገር መጨመርም ሆነ ማጥፋት አይፈቀድም። ዋናው ፋይል ሳይነካ በሌላ ቦታ ተቀምጦ፣ ለዝግጅት ክፍሉ የሚላከው ከመግለጫው ጋር ቅጂው ነው።