ደጃችሁ ላይ ባቡር ሊያልፍ ነው? ነባር ነጋዴ ደጋግሞ የሚሰራቸው ስህተቶች

አዲስ የከተማ ባቡር በሱቃችሁ ደጅ ሊያልፍ ነው ሲባል መጀመሪያ የሚመጣው ደስታ ነው፣ ሰው ይበዛል ገበያ ይደራል ይባላል፣ ይሄ ደግሞ ውሸት አይደለም። ጥያቄው ገበያው ሲደራ እናንተ እዛው ትገኛላችሁ ወይ ነው። ሙያዬ ሂሳብ ስለሆነ ነገሩን የማየው ከወረቀቱ በኩል ነው፣ እና የየከተማውን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው፤ ሃያ ሠላሳ ዓመት የቆየ ሱቅ አቧራውንም ጩኸቱንም ችሎ ያልፍና የኪራይ ውሉ ባለቀ ቀን ይወድቃል። ስለ ቁፋሮው ሁሉም ያወራል፣ ስለ ውሉ የሚያወራ ግን የለም። እንግዲህ ስህተቶቹን እንደመጡልኝ ልዘርዝራቸው። (ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ የፈረንጅ ናቸው።)

1. "ገና ነው እኮ፣ ሲጀመር እናያለን"

የመሬት ዋጋ ባቡሩ እስኪመጣ አይጠብቅም። መስመሩ ካርታ ላይ ተሰምሮ የጣቢያዎቹ ቦታ የታወቀ ቀን ነው መንቀሳቀስ የሚጀምረው፣ ያንን ካርታ ደግሞ ደላላውና ሪል ስቴቱ ከእናንተ ቀድመው ነው የሚያዩት። እናንተ ቁፋሮ እስኪጀመር ስትጠብቁ አከራያችሁ ጋ "ሕንፃውን አትሸጡልኝም?" የሚል ሰው ሦስቴ ደውሏል። በዛ ላይ ብዙ ከተሞች ከጣቢያ በእግር አምስት አስር ደቂቃ ባለው ዙሪያ የግንባታ ደንቡን ይቀይሩና ረጅም ፎቅ ይፈቅዳሉ። ሁለት ፎቅ ብቻ ይፈቀድበት የነበረ ቦታ ላይ አሥራ ሁለት ሲፈቀድ፣ የቆመው ቤት ዋጋ የለውም፣ የሚሸጠው መሬቱ ነው፣ ቤቱ እንዲያውም የማፍረሻ ወጪ ነው። እናንተ ደግሞ ያላችሁት ቤቱ ውስጥ ነው።

ስለዚህ መስመሩ ገና ወሬ እያለ የከተማው ፕላን ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ጣቢያው በትክክል የት ነው፣ የኔ ሱቅ ያለበት ቦታ ደንቡ ምን ሊሆን ነው። በቃ ይሄው ነው።

2. ውሉን መሳቢያ ውስጥ ትቶ መቀመጥ

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው።

እስቲ አንድ ሱቅ እናስብ። ውሉ ሊያልቅ ሦስት ዓመት ቀርቶታል፣ ግንባታው አራት ዓመት ይፈጃል ተብሏል። ባለሱቁ ለሦስት ዓመት በቆርቆሮ አጥር ጀርባ ሆኖ በግማሽ ገበያ ሙሉ ኪራይ ይከፍላል፣ ያጠራቀማትን ይበላል፣ ቁፋሮው ሊያልቅ አንድ ዓመት ሲቀረው ውሉ ያልቃል፣ አከራዩም "እንግዲህ ባቡሩ ደረሰ፣ ኪራዩ እጥፍ ሆኗል" ይለዋል። ማለትም ክፉዎቹን ዓመታት የከፈለው እሱ ነው፣ ደጎቹን የሚበላው ሌላ ነው። ይሄ ተንኮል ላይሆን ይችላል፣ አከራዩም መጥፎ ሰው ላይሆን ይችላል፣ የቀኖቹ አቀማመጥ ብቻ ነው እንደዛ የሚያደርገው።

እና አሁኑኑ ውሉን አውጡና እነዚህን ፈልጉ። ማብቂያው መቼ ነው፣ ከባቡሩ መክፈቻ ቀን በፊት ነው ወይስ በኋላ? ማደስ መብታችሁ ነው ወይስ የአከራዩ ፈቃድ? መብት ከሆነ ኪራዩ በምን ስሌት እንደሚጨምር ተጽፏል ወይስ "በወቅቱ ገበያ ዋጋ" ይላል? ያቺ "በወቅቱ ገበያ ዋጋ" የምትል ሐረግ ጣቢያ አጠገብ ስትሆን ታድሳላችሁ የሚለውን መብት ባዶ ታደርገዋለች። ቀጥሎ፣ አከራዩ ሕንፃውን ማፍረስ ቢፈልግ በስንት ወር ማስጠንቀቂያ ያስወጣችኋል የሚል አንቀጽ አለ ወይ። ሕንፃው ቢሸጥ አዲሱ ባለቤት ውሉን ያከብራል የሚል አለ ወይ። ሌላም የሚዘነጋ አለ፣ የንብረት ግብር ጭማሪ በማን ላይ ነው የሚወድቀው? አንዳንድ ውል ግብሩን ሙሉ በሙሉ ተከራይ ላይ ይጥላል፣ እና ኪራዩ ሳይነካ እንኳን የመሬቱ ግምት ሲጨምር ሂሳቡ እናንተ ጋ ይመጣል። ከወር ወደ ወር በቃል ስምምነት የሚኖርማ ጭራሽ ምንም የለውም፣ "አሥራ አምስት ዓመት አብረን ኖረናል" ብሎ መተማመን እስከ ሽያጩ ቀን ድረስ ብቻ ነው የሚሰራው።

የሚገርመው የመደራደር አቅማችሁ ትልቅ የሚሆነው ሁሉም ነገር በተበላሸበት ሰዓት ነው። ደጁ ጉድጓድ ሆኖ፣ አጠገባችሁ ሁለት ሱቅ ባዶ ሆኖ፣ አከራዩ ሦስተኛ እንዳይወጣበት በሚፈራበት ጊዜ። ያኔ ብዙ ሰው የሚለምነው "ለስድስት ወር ኪራይ ቀንስልኝ" ነው። ቅናሹ ጥሩ ነው ግን ከቅናሽና ከተጨማሪ የውል ዓመት አንዱን ምረጡ ከተባላችሁ ዓመቱን ምረጡ። ቅናሹ ያልቃል፣ የተጨመረው አምስት ዓመት ግን ባቡሩ ከተከፈተ በኋላ ነው የሚበላው።

3. የተባለውን ቀን ማመን

ኮንትራክተሩ "18 ወር" ሲል እናንተ 18 ወር ብላችሁ አትመዝግቡ። ሎስ አንጀለስ ክሬንሾው ላይ ያለፈው መስመር ግንባታው በ2014 ተጀምሮ 2019 ይከፈታል ተብሎ ነበር፣ የተከፈተው በጥቅምት 2022 ነው። ሲድኒ ጆርጅ ስትሪት ላይ በ2015 ቁፋሮ ተጀምሮ 2019 መጀመሪያ ላይ ያልቃል የተባለው በዛው ዓመት መጨረሻ ላይ ገና በከፊል ነው የተከፈተው፣ የቀረው ክፍል ወደ 2020 ተሻገረ። ቶሮንቶ ኤግሊንተን ደግሞ በ2011 ተጀምሮ 2020 ተብሎ 2024ም አልፎ አልተከፈተም ነበር፣ መስመሩ የሚያልፍበት ሊትል ጃማይካ የሚባለው ነባር የንግድ ሰፈር እነዛን ሁሉ ዓመታት በአጥርና በኮን ነው ያሳለፋቸው።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ የኤድንበራው ነው። ወደ ሌዝ ሰፈር የሚወስደው ሌዝ ዎክ የሚባለው የንግድ መንገድ ለትራም (መንገድ ላይ ለሚሄድ የከተማ ባቡር) ተብሎ በ2000ዎቹ መጨረሻ ላይ ቧንቧና ኬብል ለማዛወር ተቆፈረ፣ ከዛ ገንዘቡ አለቀና መስመሩ ከታሰበው አጭር ሆኖ ቀረ፣ በ2014 ትራሙ ሲከፈት ወደ ሌዝ አልደረሰም። መንገዱ እንደገና ተቆፍሮ ትራሙ የደረሰው በ2023 ነው። ሁለቴ ተቆፍሮ አንዴ ትራም።

ለምን እንዲህ ይሆናል ብትሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘገየው ሐዲዱ አይደለም፣ ከመሬት በታች ያለው ነው። የውሃ ቧንቧ፣ የፍሳሽ መስመር፣ የመብራትና የስልክ ኬብል፣ ካርታ ላይ አንድ ቦታ ተስሎ መሬት ላይ ሌላ ቦታ የሚገኝ። እያንዳንዱ የተለያየ ድርጅት ስለሆነ አንዱ ቆፍሮ ይደፍናል ሌላው ደግሞ መጥቶ ይከፍታል። እኔ ብሆን የተባለውን ጊዜ በግማሹ ጨምሬ ነው በጀት የምይዘው፣ ደግሞም እሱም ላይበቃ ይችላል።

4. "ካሳ ይከፈለናል" ብሎ ማሰብ

ይሄኛው ላም አለኝ በሰማይ ነው። ካሳ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው መሬታችሁ ወይም ሕንፃችሁ ለሥራው ሲወሰድ ነው። ደጃችሁ ታጥሮ ደንበኛ ስላጣችሁ የሚከፈል ነገር በብዙ አገር ሕግ ውስጥ የለም ወይም በጣም ጠባብ ነው። የአሜሪካ የ1970ው የመልሶ ማቋቋም ሕግ ለምሳሌ በፌዴራል ገንዘብ ለሚሰራ ፕሮጀክት ቦታው ተወስዶበት ለተነሳ ነጋዴ የመዛወሪያ ወጪ ይሰጣል፣ ተከራይም ቢሆን። ግን ባቡሩ ስለመጣ የግል አከራይ ኪራይ ሰቅሎበት ለወጣው ምንም አይልም። ሁለቱም ከዛው ሰፈር በዛው ባቡር ምክንያት ነው የወጡት፣ በሕግ ዓይን ግን አንዱ ብቻ ነው "ተፈናቃይ"።

ቫንኩቨር ካምቢ ስትሪት ላይ የሆነውን እዩ። መስመሩ መጀመሪያ ከመሬት በታች በመሿለኪያ ይሰራል ነበር የተባለው፣ መንገዱ ብዙም አይነካም ተብሎ። ኋላ አሠራሩ ተቀየረና መንገዱ ከላይ ተቆፍሮ እንዲከደን ተደረገ። የነፍሰ ጡር ልብስ የምትሸጥ አንዲት ባለሱቅ ከሰሰች፣ በ2009 ፍርድ ቤት 600,000 የካናዳ ዶላር ፈረደላት፣ ሰዉም ጉድ አለ። በ2011 ይግባኝ ሰሚው ገለበጠው፤ ሥራው ሕግ የፈቀደው ነው፣ ረብሻው ደግሞ ከሥራው ጋር የማይቀር ነው ብሎ። ትክክል ነበረች፣ ተከራክራ አሸነፈች፣ መጨረሻ ላይ ግን ባዶ እጅ። እሷን አይታችሁ አትክሰሱ እያልኩ አይደለም፣ የኪራዩን ገንዘብ ገና ካልመጣ ካሳ ላይ አታስቡ ነው የምለው።

5. ሂሳብ አለመያዝ

አንዳንድ ከተማ የድጋፍ ገንዘብ ያወጣል። ሎስ አንጀለስ ለምሳሌ 25 እና ከዛ በታች ሠራተኛ ላላቸው በግንባታው ለተጎዱ ሱቆች በዓመት እስከ 50,000 ዶላር የሚሰጥ ፈንድ አቋቁሟል። ግን ለማግኘት ከግንባታው በፊት ስንት ይሸጡ እንደነበር፣ አሁን ስንት እንደሆነ በሰነድ ማሳየት አለባችሁ። እዚህ ጋ ነው ነባር ነጋዴ የሚቀረው። ሃያ ዓመት በካሽ የሰራ፣ ደብተር ላይ የጻፈ፣ ለግብር ያሳወቀውም ከእውነተኛው ገቢው ያነሰ። ለግብር ያሳነሳችሁት ሽያጭ ለድጋፉም ያንሳል፣ ሁለቱም ጋ መብላት አይቻልም፣ ይሄን ስናገር ሰው ይቆጣኛል ግን ምን ላድርግ።

ከዛሬ ጀምሮ የቀን ሽያጭ በቀን በቀኑ ይመዝገብ። ስልካችሁን አውጡና በየሰኞው ጠዋት ከአንድ ቦታ ቆማችሁ ደጁን ፎቶ አንሱ፦ አጥሩ የት ነው፣ መግቢያው ክፍት ነው ወይ፣ ምልክታችሁ ከመንገዱ ማዶ ይታያል ወይ። ውሃ ወይ መብራት የተቋረጠበትን ሰዓት ጻፉ። "በጣም ተጎድተናል" የሚል ደብዳቤ ማንም ያነበዋል ማንም ግን አይከፍልበትም፣ ቀን ያለበት ፎቶና የሽያጭ ሰንጠረዥ ግን ሌላ ነገር ነው።

6. ስብሰባ ላይ ዘግይቶ መምጣት፣ ወይም መጥቶ መጮህ ብቻ

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እዚህ ጋ ነው። ዲዛይኑ ከጸደቀ ኮንትራክተሩ ከገባ በኋላ የሚደረግ ስብሰባ ማሳወቂያ እንጂ ምክክር አይደለም። በሚኒሶታ ሴንት ፖል የሆነው ግን ደስ ይላል፤ ባቡሩ የሚያልፍበት ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ድሃ ሰፈሮቹ ጋ ሲደርስ ጣቢያዎቹ ተራርቀው ነበር፣ ማለትም ቁፋሮው ይደርሳቸዋል ባቡሩ ግን አይቆምላቸውም። ነዋሪውና ነጋዴው አብሮ ቀድሞ ተነሳና በ2010 ሦስት ጣቢያ አስጨመረ፣ ሃምሊን፣ ቪክቶሪያና ዌስተርን። መስመሩ በ2014 ሲከፈት ሦስቱም ነበሩ። ልብ በሉ፣ የጠየቁት "ባቡሩ ይቅር" አይደለም፣ የሚቆጠር ነገር ነው የጠየቁት። እናንተም ጠይቁ፦ ዕቃ ማራገፊያ በየት በኩል፣ በስንት ሰዓት? ገበያ በሚበዛበት ወር ደጃችን ላይ ቁፋሮ አይኖርም ተብሎ ይጻፍልን። ችግር ሲኖር የምንደውልለት ሰው ማነው? ደግሞ ብቻችሁን አትሂዱ፣ አሥራ አምስት ሱቅ በአንድ ፊርማ ሲመጣ ነገርየው ይለያል።

7. መበደር

አጭር ነው። ለማደግ መበደርና ኪራይ ለመክፈል መበደር አንድ አይደለም። ውላችሁ ግንባታው ከማለቁ በፊት የሚያልቅ ከሆነ በብድር መቆየት ለአከራዩ መበደር ነው።

8. ደንበኛው ራሱ ፈልጎ ይመጣል ማለት

ነባር ሱቅ ደንበኛውን በመልክ ያውቀዋል፣ ስልኩን ግን አያውቅም። አጥሩ ሲቆም ያ ሁሉ የፊት ትውውቅ ዋጋ ያጣል፣ ሰውየው ዞሮ መግባት ስለማይፈልግ ሳይሆን የተዘጋችሁ ስለሚመስለው ነው። አጥሩ ሳይቆም በፊት ስልክ ቁጥር ሰብስቡ፣ የቴሌግራም ቻናል ይሁን የፈለጋችሁት፣ "በጓሮው በር ግቡ ክፍት ነን" የምትሉበት መንገድ ይኑራችሁ።

9. ለአዲሱ ሰው ብሎ ሱቁን አፍርሶ መስራት

ባቡሩ አዲስ ሰው ያመጣል ተብሎ መደርደሪያው ተቀይሮ፣ ዋጋው ወጥቶ፣ ስሙ ሳይቀር ተቀይሮ ያየሁት ሱቅ አለ። አዲሱ ሰው አልመጣም፣ አሮጌው ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ "ተሳስቼ ነው?" ብሎ ተመለሰ። ቀስ በሉ። መጀመሪያ የሚመጣው ሰው ባቡር ለመያዝ የሚሮጥ ነው፣ የሚገዛው ቶሎ የሚያዝ ነገር ነው፣ አዲሶቹ ነዋሪዎች የሚገቡት ፎቆቹ ካለቁ በኋላ ነው። አንድ መደርደሪያ ለሯጩ ስጡ፣ የቀረው እንዳለ ይሁን።

10. ይሄኛው ለከተማ ሹሞች ነው፤ ሕንፃ ቆጥሮ ተከራይ አለመቁጠር

የባቡሩ ፕሮጀክት ጥናት ላይ "ሦስት ሕንፃ ይነሳል" ተብሎ ይጻፋል፣ ሦስቱ ውስጥ ግን አርባ ንግድ አለ። ያልፈረሱት ሕንፃዎች ውስጥ ያሉት ደግሞ ጭራሽ አይጻፉም፣ እነሱ ናቸው በኪራይ የሚወጡት። ሳን ፍራንሲስኮ በ2015 ሠላሳ ዓመትና ከዛ በላይ የቆዩ ንግዶችን መመዝገብ ጀመረች፣ ለተመዘገበ ሱቅ አሥር ዓመት ውል ለሚሰጥ አከራይም ድጎማ አደረገች። ገንዘቡን ለአከራዩ መስጠቷ መጀመሪያ ሲያዩት ያበሳጫል፣ ግን ውሉ ያለው እሱ እጅ ነው፣ ስለዚህ ከሁሉም ብልህ የሆነው ድጋፍ እሱ ይመስለኛል።

11. ለቆ መሄድን እንደ ሽንፈት ማየት

ሂሳቡ ካልወጣ አልወጣም ነው። ስህተቱ መልቀቁ ሳይሆን ገንዘቡ አልቆ፣ ዕዳ ተይዞ፣ ደንበኛው ከተበተነ በኋላ መልቀቁ ነው። ከጣቢያው ሁለት መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ቦታ ኪራዩ ብዙ ጊዜ ይለያል፣ ነባር ደንበኛ ደግሞ ያን ያህል ርቀት ይከተላል፣ የድሮው ሱቅ ገና ገበያ እያለው ከተዛወራችሁ የአዲሱን አድራሻ በር ላይ ለጥፋችሁ ወራት ታስተዋውቁበታላችሁ። አዲሱን ውል ከመፈረማችሁ በፊት ግን ካርታውን እዩ፣ ሁለተኛው መስመር በየት በኩል ነው የሚያልፈው?