ተማሪዎች «የሴት ሥራ፣ የወንድ ሥራ» የሚለውን ሲጠይቁ፦ ከውጭ አገር ለሚሄድ በጎ ፈቃደኛ መምህር

ከዋሽንግተን ወይም ከስቶክሆልም ተነሥቶ በኢትዮጵያ ገጠር ለማስተማር የሚሄድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ ብዙውን ጊዜ ስለ ሴቶች እኩልነት የሚናገረውን ከሻንጣው ጋር አዘጋጅቶ ይሄዳል። እኔም በ2011 ዓ.ም. ደቡብ ጎንደር ውስጥ በበጎ ፈቃድ ሳስተምር እንዲሁ ነበርኩ። ይሁን እንጂ የተማሪዎቹን ስም እንኳ በቅጡ ሳልይዝ፣ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ተነሥታ «ቲቸር፣ ወንዶቹ መጥረጊያ የማያነሡት ከዴስክ ስለሚከብድ ነው?» ብላ ጠየቀች። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ እኔም ያዘጋጀሁትን ንግግር ትቼ የጽዳቱን ተራ መመልከት ጀመርኩ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲነሣ በንግግር ለመመለስ አይቸኩሉ፤ በእጅዎ ካለው ነገር ይጀምሩ። ሴቶች የሚጠርጉበትና ውኃ የሚያመጡበት፣ ወንዶች ደግሞ ዴስክ የሚያነሡበት ልማድ ካለ፣ የክፍሉን ኃላፊ መምህር አስቀድመው አማክረው ተራው በጾታ ሳይሆን በመቀመጫ ረድፍ እንዲወጣ ያድርጉ። ቀጥሎ በክፍል ውስጥ ማንን ስንት ጊዜ እንደሚጠሩ ይቁጠሩ። እኔ ለአንድ ሳምንት ለጥያቄ የጠራሁትን ተማሪ ሁሉ በስም መጥሪያው ላይ በጭረት ምልክት ሳደርግ፣ እጃቸውን እያወዛወዙ ከፊት የሚቀመጡትን ወንዶች ብቻ ስጠራ እንደከረምኩ አይቼ አፍሬያለሁ።

የቤት ሥራ ጉዳይ ከዚህ ይበልጥ ከባድ ነው። ማልዳ ውኃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራና ታናናሾቿን አብልታ የምትመጣ ልጅ ብታረፍድ ስንፍና አይደለም፤ ማታም ከእራት በኋላ ዕቃ ስታጥብ ወንድሟ ደብተሩን ገልጦ ይቀመጣል። ስለዚህ የክፍለ ጊዜውን የመጨረሻ 15 ደቂቃ ለቤት ሥራ መተው፣ ያረፈደችውንም በር ላይ አቁሞ ከማሳፈር ይልቅ ዝም ብሎ ማስገባት፣ ስለ እኩልነት ከሚሰጥ ረጅም ማብራሪያ የበለጠ ይጠቅማታል።

ክርክር ሲነሣ ምሳሌው ከዚያው አገር ይምጣ። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለውን ተረት የሚጠቅስ ተማሪ አይጠፋም፤ እርስዎ ከውጭ ባመጡት ሐሳብ ከመለሱለት ግን ክርክሩ የአገርና የባዕድ ይሆንና ጠያቂዋ ልጅ ብቻዋን ትቀራለች። እኔ ክፍል ውስጥ አንዱ «እንጀራ መጋገር ለወንድ ነውር ነው» ሲል፣ ዲያቆን የሆነ ጓደኛው ሴት በማትገባበት በደብረ ዳሞ ገዳም ማን እንደሚጋግር ጠይቆ አፉን አስያዘው። ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ የሆነው ለምን እንደሆነ አያቶቻቸውን ጠይቀው እንዲመጡ ማዘዝም መልካም ነው። በፎገራ ወረዳ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት የአውራ አምባ ማኅበረሰብ፣ ወንዱ የሚጋግርበት ሴቷም የምታርስበት ሆኖ ኖሯል፤ ነገር ግን በአካባቢው ሰው ተገፍቶ ከመሬቱ እስከ መፈናቀል መድረሱንም አብረው ይንገሯቸው፤ ልጆቹ ልማድን መንካት ዋጋ እንዳለው ከእርስዎ በፊት ያውቁታልና።

ያንን ዋጋ ማቅለል የመምህሩ ዋነኛ ሥራ ይመስለኛል። አንድ ተማሪዬ ለታመመች እናቱ ጄሪካን በጀርባው አዝሎ ውኃ ሲቀዳ ታየና «ሴታሴት» የሚል ስም ወጣለት። እኔ በሰልፍ ሰዓት በሁሉም ፊት አመሰገንኩት፤ ከዚያ በኋላ ስድቡ እጥፍ ሆነ። ማመስገን ካስፈለገ ለብቻው ያመስግኑት፤ ፎቶግራፉን አንሥተው በውጭ ላሉ ወዳጆችዎ አይላኩ፤ ተሳዳቢዎቹንም ቢሆን አንድ በአንድ ጠርተው ያነጋግሩ።

አንዲት ተማሪ ልትዳር መሆኑን ከነገረችዎ ግን ነገሩ ከክፍል ክርክር ያልፋል። ሕጉ ለጋብቻ 18 ዓመት መሙላትን ይጠይቃል፤ በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 648 ያለ ዕድሜ ጋብቻን ያስቀጣል። ሆኖም ብቻዎን ወደ አባቷ ቤት አይሂዱ። ርዕሰ መምህሩንና ልጅቱ የምታምናትን ሴት መምህር ይዘው፣ ጉዳዩን በወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት በኩል ያስኬዱ፤ የነገረችው ልጅቱ መሆኗም አይታወቅ።

ተማሪዎቹ ራሳቸው አንድ ነገር ሲያቅዱ ደግሞ ከፊት ሆነው አይምሯቸው፣ አያስቁሟቸውም። በወላጆች ቀን ሦስት ወንዶች ቡና እናፈላለን ብለው ተነሡ፤ ቡናው አረረ፣ አባቶች ፊታቸውን አዞሩ፣ እኔም ጣልቃ ልገባ ስል አንዲት እናት ቀድመውኝ ተነሡ። «ወዲህ በል ልጄ፣ እሳቱን ቀንስ፣ እጅህ አይቁም» እያሉ ከአንደኛው ልጅ ጎን ቁጢጥ ብለው አስቆሉት፤ ሁለተኛውን ቡና አባቶችም ጠጡት።

ከመመለስዎ በፊት የጽዳቱን ተራ ዝርዝር የክፍል አለቆቹ በራሳቸው እጅ ጽፈው ለኃላፊው መምህር እንዲያስረክቡ ያድርጉ፤ የእርስዎ ስም በወረቀቱ ላይ አይግባ።