የፓፈር ዓሣ ሆድ ሲጠቁር፦ በጨው ቀመስ አኳሪየም የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

ፓፈር፣ ሲደነግጥ ራሱን እንደ ፊኛ የሚነፋው ዓሣ፣ ሕመሙን አይደብቅም። ደህና ሲሆን ሆዱ ነጭ ነው፤ ሲከፋው ይጠቁራል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ በቀጥታ ወደ መድኃኒት ይሄዳል። ከመድኃኒቱ በፊት ግን መለኪያው ይቅደም፤ የዚህ ዓሣ ችግር በአብዛኛው የሚጀምረው ከውሃውና ከሚበላው ነገር ነውና። ቅርፊት የሌለው ዓሣ ስለሆነ ያለ ምክንያት የሚሰጥ መድኃኒት ከበሽታው በላይ ሊጎዳው ይችላል።

ሆዱ ጠቁሮ ከቆየ

ሲተኛ ወይም ሲደነግጥ ለጥቂት ጊዜ ግራጫ ቢሆን አያሳስብም። ቀኑን ሙሉ ጠቁሮ ከዋለ፣ ክንፎቹን ከሰበሰበና ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ ግን በዚያው ሰዓት አሞኒያና ናይትራይት (ከዓሣው ቆሻሻ የሚመጡ መርዞች) ይለኩ። ሁለቱም 0 መሆን አለባቸው። ከእነሱ በኋላ የሚፈጠረው ናይትሬት ደግሞ ከ20 ሚሊግራም በሊትር ባይበልጥ ይመረጣል።

አሞኒያ ከተገኘ በዚያው ቀን የገንዳውን ግማሽ ውሃ ይለውጡ። የሚጨምሩት ውሃ ክሎሪኑ የተወገደለት፣ ጨውና ሙቀቱም ከነባሩ ጋር የተስተካከለ ይሁን። የምግቡን መጠን ይቀንሱ። የማጣሪያውን ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ አይጠቡ፤ አሞኒያውን የሚያስወግዱት ባክቴሪያዎች የሚኖሩት እዚያው ላይ ነው፣ ክሎሪን ደግሞ ይገድላቸዋል። ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ለቅለቅ ማድረግ ይበቃል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። የባሕር ጨው ሲጨመር የውሃው ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ፤ ከፍ ሲል አሲድነቱ ይቀንሳል) ከፍ ይላል፤ ፒኤች ከፍ ሲል ደግሞ ያው የነበረው አሞኒያ ይበልጥ መርዛማ ይሆናል። ስለዚህ አሞኒያ ባለበት ገንዳ ላይ «ጨው ይረዳዋል» ብሎ መጨመር ዓሣውን ወደ ባሰ ነገር መግፋት ነው። መጀመሪያ ውሃው ይጽዳ፣ ጨው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አሞኒያውም ናይትራይቱም 0 ሆኖ ሆዱ ካልነጣ፣ ጨዉ ይመርመር

በመጀመሪያ የትኛውን ፓፈር እንደያዙ ይወቁ። ጀርባው ላይ የስምንት ቁጥር የሚመስል ምልክት ያለው ትንሹ ዓይነት፣ ሃይድሮሜትር (የውሃ ጨዋማነት መለኪያ) ላይ ከ1.005 እስከ 1.008 በሚነበብ ውሃ ደስ ብሎት ይኖራል። አረንጓዴ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ ያለው ግን በልጅነቱ 1.005 ቢበቃውም፣ እያደገ ሲሄድ ከ1.015 በላይ ይፈልጋል፤ ርዝመቱም 15 ሴንቲሜትር ገደማ ይደርሳል። ሁለቱም ብዙውን ጊዜ ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ ሆነው ይሸጣሉ፤ ገዢው የንጹሕ ውሃ ዓሣ የሚመስለውም ለዚህ ነው። በሌላ በኩል ጨው ጨርሶ የማይፈልጉ ፓፈሮችም አሉ፤ በናይል ወንዝ የሚኖረው ባለመስመር ፓፈር ከእነሱ አንዱ ነው።

ጨዉን በአንድ ቀን አያድርሱ። በሳምንት ከ0.002 የማይበልጥ ጭማሪ ለዓሣውም ለማጣሪያው ባክቴሪያዎችም የሚቻል ነው። የወጥ ቤት ጨው አይሆንም፤ ፒኤቹን አጽንተው የሚይዙት ካርቦኔቶች የሉትም። ለባሕር አኳሪየም የተዘጋጀውን ጨው በባልዲ ውስጥ በሊትር ከ7 እስከ 9 ግራም ያህል ያሟሙና ለክተው 1.005 አካባቢ መድረሱን ካረጋገጡ በኋላ ይጨምሩ።

ውሃ ሲተን ጨው አብሮ አይተንም። እኔ ይህን ሳላውቅ በትነት የጎደለውን ሁሉ በጨው ውሃ ስሞላ ቆይቼ፣ 1.006 የነበረው ንባብ 1.011 ደርሶ አገኘሁት። በዚያ ሁሉ ጊዜ ዓሣው ጥግ ይዞ ተቀምጦ ነበር፤ እኔ ደግሞ በሽታ ስፈልግ ከረምኩ። በትነት የጎደለው ጨው በሌለው ውሃ ይሞላል፤ የጨው ውሃ የሚገባው በየሳምንቱ ውሃ ሲለወጥ ነው።

ምግቡን ይዞ ከተፋ

እየራበው ወደ ምግቡ ይመጣል፣ ይነክሳል፣ ይተፋል። አፉን በቅርብ ይመልከቱ። አራቱ ጥርሶቹ እንደ ወፍ መንቁር ተገጣጥመው ዕድሜውን ሙሉ ያድጋሉ፤ ጠንካራ ነገር ካልሰበረ ይረዝሙና አፉን ይዘጉበታል። መፍትሔው ከነዛጎሉ የሚሰጥ ቀንድ አውጣ ነው። ፓፈሩ በዝግታ ይጠጋል፣ አንዱን ዓይን ወደ ቀንድ አውጣው አንዱን ወደ እርስዎ ያዞራል፣ ከዚያ ዛጎሉ ቀጭ ሲል ከመስታወቱ ውጭ ይሰማል። በሳምንት ጥቂት ጊዜ ይህ ድምፅ ከተሰማ ስለ ጥርሱ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ቅርፊቱ ያልተላጠ ሽሪምፕና የሸርጣን እግርም ይጠቅማሉ። ሽሪምፕ ብቻ መመገብ ግን ልክ አይደለም፤ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ኢንዛይም በውስጡ አለና ምግቡ ይቀያየር።

ጥርሱ አስቀድሞ ረዝሞ ከሆነ መከርከም ያስፈልጋል። ከገንዳው ውሃ ቀድተው፣ በትንሽ ውሃ የተመታ የቅርንፉድ ዘይት ጠብታ በጠብታ እያደረጉ ዓሣው ተዝናንቶ እስኪጋደም ይጠብቁ። ስንጥቡ (መተንፈሻው) መንቀሳቀሱን አይንዎ አይልቀቀው፤ ከቆመ ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ ውሃ ይመልሱት። በእርጥብ እጅ ይዘው የጥርሱን ጫፍ ብቻ በጥፍር ሥር ቆዳ መቁረጫ ይቁረጡ። እጅዎ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ልምድ ላለው ሰው ወይም ለእንስሳት ሐኪም ይተዉት።

በደንብ እየበላ ከከሳ

ከዱር የተያዘ ፓፈር የአንጀት ትል ይዞ መምጣቱ የተለመደ ነው። ለብቻው በሌላ ገንዳ አድርገው ለዓሣ በተዘጋጀ የትል መድኃኒት፣ ለምሳሌ በፕራዚኳንቴል ወይም በሌቫሚሶል፣ መጠኑን ሳያሳልፉ ያክሙት። መዳብ ያለበት መድኃኒት ለነጭ ነጠብጣብ በሽታም ቢሆን አይስጡ።

መስታወቱን ይዞ ከላይ ታች ካለ

አዲስ ከገባ ጥቂት ቀን ይታገሡት። ካልተወ ገንዳው ጠቦታል፣ ወይም ሰልችቶታል፣ ወይም የራሱን ምስል ሌላ ዓሣ መስሎት እየተጣላ ነው። ለአንድ አረንጓዴ ፓፈር ከ110 ሊትር በታች አይበቃም። ድንጋይና እንጨት ጨምረው ዋሻና መሸሸጊያ ይሥሩለት፤ ከኋላ ያለውን መስታወት ጥቁር ወረቀት ያልብሱት። ጓደኛ አይጨምሩለት፤ የሌላውን ክንፍ ይነክሳል።

ከተነፋ

ለማየት ብለው አያስቆጡት፤ መነፋት ለእርሱ ድካምና ፍርሃት ነው። ሲያዛውሩት ከውሃ በመረብ አያውጡት፣ አየር ይስባልና። በጎድጓዳ ዕቃ ከነውሃው ይቅዱት። አየር ስቦ ውሃው ላይ ከተንሳፈፈና ራሱ ማስወጣት ካልቻለ፣ ከውሃው ሥር በእርጥብ እጅ አፉን ወደ ላይ አድርገው በዝግታ ይያዙት። አረፋው አንድ በአንድ ሲወጣ ያያሉ።