የአሻንጉሊት ባቡርን በስልክ መንዳትና ድምፅ መስጠት

በደረቅ ባትሪ የሚሄድ አሻንጉሊት ባቡር የሚያውቀው መሄድና መቆም ብቻ ነው። ፍጥነቱን ከስልክ መቆጣጠር፣ ወደ ኋላ ማስኬድ፣ ጡሩምባ ማስነፋት ግን ቤት ውስጥ በእጅ የሚጨመር ነገር ነው። ሰው የሚቸገረው በፕሮግራሙ ሳይሆን በኃይሉ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ባትሪውን ይጎትታል፣ ቮልቱ ለቅጽበት ይወርዳል፣ መቆጣጠሪያው ጠፍቶ እንደገና ይነሳል። ስለዚህ ከዚህ በታች ብዙውን ቦታ የያዘው ሽቦው ነው።

በቅድሚያ ስለ ልክ። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ሐዲድ ስፋት 1,435 ሚሊሜትር ነው። ለ32 ሲካፈል 45 ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል፤ ይህም ለትልልቅ ሞዴል ባቡሮች የሚሸጠው የ«ጂ» ሐዲድ ስፋት ነው። የኮምቦልቻን ባቡር በልኩ መሥራት የሚፈልግ 1 ለ32 ይያዝ። ተራው የፕላስቲክ ሐዲድ ይህን ልክ አይጠብቅም፤ የውስጥ ሥራው ግን አንድ ነው።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ኢኤስፒ32 ቦርድ (ዋይፋይ ያለው ትንሽ መቆጣጠሪያ)፣ ቲቢ6612 የተባለው የሞተር ነጂ፣ ዲኤፍፕሌየር ሚኒ የድምፅ ቦርድ፣ ከ32 ጊጋባይት ያልበለጠ ሚሞሪ ካርድ፣ 8 ኦም ከ2 እስከ 3 ዋት ስፒከር፣ ሁለት 18650 ሊቲየም ባትሪ ከነመከላከያ ቦርዱ፣ ወደ 5 ቮልት የሚያወርድ ቮልት መቀነሻ፣ የ2 አምፔር ፊውዝ፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ የ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ የ470 ማይክሮፋራድ 16 ቮልት ካፓሲተር እና «104» የተጻፈበት ትንሽ ሴራሚክ ካፓሲተር። ቦርዶቹን ደሴ ካጣችኋቸው ከአዲስ አበባ ማስመጣት ነው። ስፒከሩና ካፓሲተሩ ግን ከተበላሸ ራዲዮ፣ ባትሪው ከአሮጌ ላፕቶፕ ይወጣል። ላዩ ላይ 9,900 ሚሊአምፔር ሰዓት የተጻፈበት 18650 ካያችሁ አትግዙ፤ ምርጡ እንኳ ከ3,500 ብዙም አያልፍም። ኤል298 የሚባለውን የሞተር ነጂም ተዉት፤ 2 ቮልት ያህል በሙቀት ያባክናል።

ከመበየድ በፊት ለኩ

መልቲሜትሩን 10 አምፔር ላይ አድርጋችሁ በባቡሩ በራሱ ባትሪ መስመር መካከል አስገቡት። ጎማውን ለአንድ ሰከንድ ብቻ በጣት ያዙና ቁጥሩን አንብቡ። ቲቢ6612 በአንድ መውጫ 1.2 አምፔር ያለማቋረጥ፣ ለቅጽበት ደግሞ እስከ 3.2 ይችላል። ንባቡ ከ1.2 ካለፈ ሁለቱን መውጫዎች ጎን ለጎን አጣምሩ። ቁጥሩ ከፍ ያለው የማርሹ ጥርስ ላይ ፀጉር ወይም የምንጣፍ ክር ተጠምጥሞ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አውጡ።

ሽቦው

ሁለቱ ባትሪዎች በተከታታይ ሲያያዙ 7.4 ቮልት፣ ሙሉ ሲሆኑ 8.4 ቮልት ይሰጣሉ። ከመከላከያ ቦርዱ የሚወጣው ፖዘቲቭ በፊውዝና በማብሪያው አልፎ ለሁለት ይከፈል፤ አንዱ በቀጥታ ወደ ሞተር ነጂው፣ ሌላው ወደ ቮልት መቀነሻው። መቀነሻውን ከምንም ሳታገናኙ በፊት ብሎኗን እያዞራችሁ በመልቲሜትር 5.0 ቮልት ላይ አቁሙት፤ ሲገዛ በስንት ላይ እንዳለ አይታወቅምና ቦርድ የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነው። ኢኤስፒ32 እና ዲኤፍፕሌየር ከዚሁ 5 ቮልት ይጠጣሉ። 470ውን ካፓሲተር ከኢኤስፒ32 አጠገብ፣ 104ቱን በሞተሩ ሁለት እግሮች ላይ በየዱ። ኔጌቲቮቹ ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ይገናኙ፤ በሞተሩ ሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ የሚያልፍ ኔጌቲቭ በስፒከሩ ውስጥ እንደ ንብ ይጮሃል።

የሞተር ነጂው ሎጂክ፣ ማለትም ትዕዛዝ የሚቀበለው ክፍሉ፣ ኃይል 3.3 ቮልት ነው። «ስታንድባይ» የሚለው እግሩም ከ3.3 ቮልት ጋር መታሰር አለበት፤ ይህ ከተረሳ ሁሉም ነገር ትክክል ሆኖ ሳለ ሞተሩ ንቅንቅ አይልም። ለአቅጣጫና ለፍጥነት የኢኤስፒ32 25፣ 26 እና 27 ቁጥር እግሮች ይበቃሉ። ከ34 እስከ 39 ያሉት መስማት እንጂ ማዘዝ አይችሉም፤ ከ6 እስከ 11 ያሉትን አትንኩ። ፕሮግራም ከኮምፒውተር ስትጭኑ የባትሪውን ማብሪያ አጥፉ።

ሁሉን ገጥማችሁ ምንም ኃይል ካልወጣ አትደንግጡ። ብዙ የመከላከያ ቦርዶች ባትሪ እንደተበየደላቸው ተቆልፈው ይቆያሉ፤ ቻርጀር ለአፍታ ሲነካቸው ይከፈታሉ።

ባትሪው ራሱ ሎኮሞቲቩ ውስጥ ቢገባ ይመረጣል፤ ክብደቱ ጎማው እንዳይንሸራተት ይረዳል። ቦታ ካልበቃ የድምፁን ቦርድና ስፒከር ወደ መጀመሪያው ፉርጎ አውጡት።

መንዳት

ኢኤስፒ32 የራሱን ዋይፋይ እንዲያሰራጭ አድርጋችሁ ጻፉት። ስልኩ ከዚያ ጋር ተገናኝቶ ብራውዘሩ ላይ 192.168.4.1 ሲጻፍ የመንጃው ገጽ ይከፈታል፤ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ስልኩ ግን «ይህ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም» ብሎ ሹልክ ብሎ ወደ ዳታ ይመለሳል። ዳታውን አጥፉ። ሎኮሞቲቩ ብረት ለባሽ ከሆነ የቦርዱን አንቴና ጫፍ ከብረቱ አርቁ።

ሞተሩ ለ3 ቮልት የተሠራ ከሆነ 8.4 ቮልት በቀጥታ ይፈጀዋል። ከ0 እስከ 255 ባለው የፍጥነት ቁጥር ጣሪያውን 90 ላይ ዝጉት። ፍጥነቱ የሚወሰነው ለሞተሩ የሚሄደውን ኃይል በማቆራረጥ ነውና የማቆራረጫውን ድግግሞሽ 20 ኪሎ ኸርዝ አድርጉት፤ ከዚያ በታች ከሆነ ሞተሩ እንደ ትንኝ ያፏጫል። ቁጥሩ በየ40 ሚሊሰከንዱ በ1 ብቻ ይጨምር ወይም ይቀንስ፤ ከቆመበት ጣሪያው ለመድረስ 3.6 ሰከንድ ይወስዳል፣ እውነተኛ ባቡር የሚያስመስለውም ይህ ነው። አቅጣጫ ሲቀየር መጀመሪያ ወደ 0 ይውረድ፤ አለበለዚያ የፕላስቲክ ጥርሱ ይላጫል። ገጹ በየሩብ ሰከንዱ ምልክት ይላክ፤ ለ1 ሰከንድ ምልክት ካልደረሰ ባቡሩ በራሱ ይቁም። ይህ የሌለው ባቡር ስልክ ሲደወልላችሁ ከጠረጴዛ ይወድቃል።

ድምፅ

ከኢኤስፒ32 17 ቁጥር እግር ወደ ዲኤፍፕሌየር መቀበያ በ1 ኪሎ ኦሙ ሬዚስተር በኩል አገናኙ፤ ያለ እሱ ስፒከሩ ይንሾካሾካል። ትዕዛዝ የሚላክበት ፍጥነት (ባውድ) 9,600 ነው። የስፒከሩ ሁለት ሽቦዎች ወደየመውጫቸው ይሂዱ፤ አንዱም ኔጌቲቭን አይንካ።

የኮምቦልቻው መስመር በኤሌክትሪክ የተዘጋጀ ነውና የእንፋሎት ፉጨት አይስማማውም። ናፍጣ ሎኮሞቲቭ ከፈለጋችሁ ግን ሩቅ መሄድ የለባችሁም፤ በገጠራችን የእህል ወፍጮውም «ባቡር» ይባል የለ? የወፍጮውን ሞተር ሥራ ፈትቶ ሲንተከተክ በስልክ ቅዱት። ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡ፤ ትንሽ ስፒከር ያንን ማውጣት አይችልም፣ ኃይል ብቻ ይበላል። ፋይሉ ሲደገም መካከል ላይ ትንሽ ዝምታ ስለሚገባ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይርዘም።

ካርዱን በፋት32 ፎርማት አድርጉ። የሞተሩ ድምፅ «ኤምፒ3» በሚለው ፎልደር፣ ጡሩምባው «አድቨርት» በሚለው ይግባ፤ ስማቸው በላቲን ፊደል፣ ፋይሎቹ 0001፣ 0002 እየተባሉ። አድቨርት ውስጥ ያለው የሞተሩን ድምፅ አቋርጦ ይጮህና ሞተሩ ይቀጥላል፤ ሞተሩ ዝም ካለ ግን አይሠራም። በአንዳንድ አስመሳይ ቦርዶች ላይ ጭራሽ እምቢ ይላል።

ስፒከር ያለ ሣጥን ከንቱ ነው። ከኋላው የሚወጣው አየር የፊቱን ድምፅ ያጠፋዋል። ልኩን የሚመጥን የመድኃኒት ብልቃጥ ወይም የሃይላንድ ክዳን ከኋላው ግጠሙና ዙሪያውን በሲሊኮን አሽጉ፤ የሽቦዋን ቀዳዳም ጭምር። ድምፁን ከ30 ውስጥ በ15 ጀምሩ። ጡሩምባው ሲነፋ ባቡሩ ጠፍቶ ከተነሳ የ5 ቮልቱ መስመር ደክሟል፤ ሽቦውን አወፍሩ፣ አንድ 470 ጨምሩ።

ቻርጅ የሚደረገው 8.4 ቮልት በሚሰጥ የሊቲየም ቻርጀር ብቻ ነው፤ ለአንድ ባትሪ የተሠራው ትንሹ ቲፒ4056 ለሁለቱ አይሆንም። ሰው ባለበት ቻርጅ አድርጉት፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ፀሐይ ከሚመታው መስኮት አርቁት።