ስለ ሥራ አጥነትና ገንዘብ ፖሊሲ ስትጽፉ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ይህ በተለይ ሐዋሳ ውስጥ የማስተርስ መመረቂያ ለሚያዘጋጁ የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ነው። «የገንዘብ ፖሊሲ በሥራ ስምሪት ላይ ያለው ተጽዕኖ» የሚል ርዕስ በየዓመቱ ይቀርባል። ርዕሱ ጥሩ ነው፣ አገሪቱም መልሱን ትፈልገዋለች። አብዛኛው ረቂቅ ግን የሚበላሸው ስታታ ወይም ኢቪውስ የሚባሉት የስሌት ሶፍትዌሮች ከመከፈታቸው በፊት፣ የተወሰደው ቁጥር ምን እንደሚለካ ሳይጣራ ነው።

በሞዴል የተገመተውን እንደ ተቆጠረ መውሰድ

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ዛሬም አልቆመም። ከዓለም ባንክ የመረጃ ቋት የኢትዮጵያ ዓመታዊ የሥራ አጥነት ምጣኔ ይወርዳል። ሠላሳ ዓመት፣ አንድም ባዶ ሕዋስ የሌለው። ተማሪው ደስ ይለዋል፣ ወዲያው ሪግሬሽን (አንዱ ተለዋዋጭ ሌላውን ምን ያህል እንደሚያብራራ የሚገምት ስሌት) ውስጥ ይከተዋል። አገር አቀፍ የሠራተኛ ኃይል ጥናት የተካሄደው ግን በ1991፣ በ1997፣ በ2005 እና በ2013 ዓ.ም. ነው። በመካከል የተካሄዱት የከተማ ጥናቶች ገጠሩን አይጨምሩም። ታዲያ የቀሩት ዓመታት ቁጥር ከየት መጣ? የዓለም የሥራ ድርጅት በሞዴል ገምቶ የሞላው ነው። ስሙም ላይ «በሞዴል የተገመተ» ተብሎ ተጽፏል፤ የሚያነበው ሰው ነው የጠፋው።

ጉዳቱ ቁጥሩ ግምት ከመሆኑም ያልፋል። ግምቱ ሲሠራ እንደ አገር ውስጥ ምርት ያሉ የኢኮኖሚ መረጃዎች በግብዓትነት ይገባሉ። እናንተ ደግሞ በግራ በኩል ያንን ሥራ አጥነት፣ በቀኝ በኩል የምርት ዕድገትን ታስቀምጡና «ዕድገት ሥራ አጥነትን ይቀንሳል፣ ውጤቱም በ1 በመቶ ደረጃ ጉልህ ነው» ትላላችሁ። ያገኛችሁት የሞዴሉን ቀመር ነው። ስለ ኢትዮጵያ ሠራተኛ ምንም አላወቃችሁም። ፈታኙ ይህን ካወቀ ምዕራፍ አራት፣ ማለትም የውጤቱ ምዕራፍ፣ ሙሉውን ይወድቃል፤ ካላወቀ ደግሞ ይባስ፣ ስህተቱ ተጠቅሶ ተጠቅሶ እውነት ይመስላል።

መፍትሔው የጥያቄውን ቅርጽ መቀየር ነው። የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ይዛችሁ ከኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የጥናቶቹን የግለሰብ ደረጃ መረጃ ጠይቁ፤ አራቱን ዙሮች ወይም የከተማዎቹን ጥናቶች ደርባችሁ ሥሩ። ዙሮቹን ከመደረባችሁ በፊት የትርጉም ገጹን አንብቡ። ዕድሜ ከ10 ዓመት ጀምሮ ነው ወይስ ከ15? «ሥራ ላይ ያለ» ለመባል ባለፉት ሰባት ቀናት ስንት ሰዓት መሥራት ይበቃል? በዓለም አቀፉ መለኪያ አንድ ሰዓት በቂ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. በጸደቀው መለኪያ ደግሞ ለራሱ ቤት ፍጆታ ብቻ የሚያርስ ገበሬ «ተቀጣሪ» ተብሎ አይቆጠርም፤ በአሮጌው ይቆጠር ነበር። እንሰት በየጓሮው ባለበት በሲዳማ ገጠር ይህ ልዩነት ውጤቱን ከሥሩ ይለውጠዋል።

ያልሠራበትን መሣሪያ መለካት

ቀጥሎ «የገንዘብ ፖሊሲ» ተብሎ የሚገባው ተለዋዋጭ አለ። የውጭ አገር ጽሑፍ የወለድ ምጣኔ ስለተጠቀመ እኛም ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ እናስገባለን። ይህ ወለድ በብሔራዊ ባንክ መመሪያ የሚወሰን ነበር፤ ለዓመታት ሳይነቃነቅ ቆይቶ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አለ። በዚያው ጊዜ ብርም በ15 በመቶ እንዲዳከም ተደርጓል። የማይንቀሳቀስ ተለዋዋጭ ምንም አያብራራም፤ ሲንቀሳቀስም ከምንዛሪው ጋር አብሮ ስለሆነ የትኛው ምን እንዳመጣ መለየት አይቻልም። ከዚያ «የገንዘብ ፖሊሲ በሥራ ላይ ተጽዕኖ የለውም» የሚል መደምደሚያ ይጻፋል።

ፖሊሲው በሌላ በር ይሠራ ነበር። ዒላማው ሪዘርቭ መኒ ነበር፤ ይህም በሕዝብ እጅ ያለው ጥሬ ገንዘብና ባንኮች በብሔራዊ ባንክ ያስቀመጡት ድምር ነው። ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ከሚሰጡት አዲስ ብድር 27 በመቶ የሚሆነውን ለብሔራዊ ባንክ ሰነድ መግዣ እንዲያውሉ ተገድደዋል። በነሐሴ 2015 የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ጣሪያ ተጣለ። የወለድ ምጣኔ ዋና መሣሪያ የሆነው በሐምሌ 2016 ነው፤ የፖሊሲ ወለዱም 15 በመቶ ተብሎ ተጀመረ። ስለዚህ ከዚያ በፊት ላለው ጊዜ ሪዘርቭ መኒን፣ ለግሉ ዘርፍ የተሰጠ ብድርን፣ የመጠባበቂያ ተቀማጭ ምጣኔን (ባንኮች ከተቀማጫቸው በብሔራዊ ባንክ እንዲያስቀምጡ የሚገደዱትን ድርሻ) ተጠቀሙ፤ ለ27 በመቶው ዘመን ዳሚ (በዚያ ዘመን 1፣ በሌላው ጊዜ 0 የሚሆን ተለዋዋጭ) አስገቡ፤ የግልና የመንግሥት ባንክን ለዩ፣ ምክንያቱም የመንግሥቱ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በዚያ መመሪያ አልተገደደም። ይህ ልዩነት ራሱ ጥሩ የመመረቂያ ርዕስ ይወጣዋል፤ ማንም ቢወስደው ደስ ይለኛል።

እግረ መንገዳችሁን፣ እውነተኛ ወለድ (የዋጋ ንረት ታስቦለት የሚቀረውን ወለድ) ስታሰሉ ዝም ብላችሁ አትቀንሱ። ወለድ 7፣ የዋጋ ንረት 30 ሲሆን በመቀነስ −23 ይመጣል፤ ትክክለኛው ግን 1.07 ለ1.30 ተካፍሎ 1 ሲቀነስለት −17.7 በመቶ ነው። ንረቱ ዝቅ ባለበት አገር ልዩነቱ አይታይም፣ እኛ ጋ ይታያል።

ሐዋሳን በሥራ አጥነት ምጣኔ ብቻ ማየት

ኢትዮጵያ ከአጎዋ (የአፍሪካ ምርቶች ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲገቡ ከሚፈቅደው ሕግ) ተጠቃሚነት የወጣችው ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ሰፊዎች ገበያ ያጡት በዚህ እንጂ በብድር ወለድ አይደለም፤ ዳሚ ሳታስገቡ የ2014 ዓ.ም.ን ለውጥ ለገንዘብ ፖሊሲ አትስጡ። ሌላው ረቂቅ ነገር፦ ከፓርኩ የወጣች ልጅ ወደ አለታ ወንዶ ወይም ወደ ዳሌ ቤተሰቧ ከተመለሰች የከተማው ጥናት አያገኛትም። ከተማ ቀርታ ሥራ መፈለግ ካቆመች ደግሞ ከሠራተኛው ኃይል ውጭ ትቆጠራለች። ሁለቱም ጊዜ ሥራ ጠፍቷል፣ የሥራ አጥነት ምጣኔው ግን ላይነቃነቅ፣ እንዲያውም ሊቀንስ ይችላል። ሥራ ላይ ያሉት ከሕዝቡ ምን ያህል እንደሆኑ የሚያሳየውን ምጣኔ ጎን ለጎን አቅርቡ።

የበጀት ዓመትና የፈረንጅ ዓመት

የ2016 በጀት ዓመት ማለት ከሐምሌ 1 ቀን 2015 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2016 ነው፤ በብሔራዊ ባንክ ሪፖርት 2023/24 ተብሎ ይጻፋል። ይህን ከጥር እስከ ታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. አማካይ የዋጋ ንረት ጋር ካጣመራችሁ ግማሽ ዓመት ተፋልሷል፤ ውጤት ከምክንያት ቀድሞ ይታያል። ወርኃዊውን የዋጋ መረጃ አውርዳችሁ የሐምሌ–ሰኔ አማካይ ራሳችሁ ሥሩ።

የዋጋ ንረት ቀነሰ ማለት ዋጋ ቀነሰ ማለት አይደለም። ይህን መድገም ባይኖርብኝ ደስ ባለኝ።

የኢኮኖሚ ማገገምን በዶላር አትለኩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ የብር ዋጋ ከግማሽ በታች ወረደ፤ በዶላር የተሰላው የአገር ውስጥ ምርትም አብሮ ያንሳል። ፋብሪካው ግን ያንኑ ያመርታል። ቋሚ ዋጋን (የአንድ መነሻ ዓመት ዋጋን) በብር ተጠቀሙ።

በ31 ዓመታዊ ምልከታ ላይ አምስት ገላጭ ተለዋዋጭና ለእያንዳንዱ ሁለት ላግ (ያለፉት ዓመታት ዋጋ) አትጫኑ። ቁጠሩት፦ የጥገኛው ላግ 2፣ አምስቱ ከነላጋቸው 15፣ ቋሚው 1፤ ድምሩ 18። በላጉ ሁለት ዓመት ሲቀነስ 29 ምልከታ ይቀራል፣ የነፃነት ደረጃው (ምልከታው ከሚገመቱት ቁጥሮች የሚበልጥበት መጠን) 11 ብቻ። ሦስት ተለዋዋጭና አንድ ላግ ይበቃል።

ሲዳማ ክልል የሆነው በሰኔ 2012 ነው። ከዚያ በፊት ያለው «የደቡብ» ቁጥር ሲዳማን ይጨምራል፣ ከዚያ በኋላ ያለው አይጨምርም፤ በ2014 ደቡብ ምዕራብ ወጣ፣ በ2015 መጨረሻም የቀረው ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ሆነ። የደቡብን መስመር ቀጥ አድርጎ የሚስል ግራፍ ሦስት ቦታ ላይ ይዋሻል። በዞን ደረጃ መልሳችሁ ደምሩ፤ ካልተቻለ ጥናቱን 2012 ላይ አቁሙ።

መረጃ ያወረዳችሁበትን ቀንም በሠንጠረዡ ሥር ጻፉ። የብሔራዊ ባንክ የሩብ ዓመት ቁጥሮች በኋላ ይከለሳሉ፤ ቀኑ ከሌለ ፈታኙ የእናንተን ቁጥር ፈልጎ ሲያጣው የፈጠራችሁት ይመስለዋል።